እድገቷ ከሕፃኑ የሚያርቃት ነርስ

ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ የደሞዝ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በሰሜን ሸዋ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ላይ በነርስነት ሥራ የምትጀምር ወጣትም ደሞዟ የሚተመነው ከዚሁ ሠንጠረዥ ነው። የተመደበችበት የሥራ ደረጃ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

እስቲ 11,500 ብሩን ኪስ እስኪገባ እንከተለው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይከፈልበትም። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ 30 በመቶ ሲሰላ ግብሩ 2,100 ብር ይመጣል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር ይቀነሳል። እጇ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ አለ፤ ለሥራ የተመደበችው ከትውልድ ቀዬዋ ርቃ ከሆነ ቤተሰብ ጋ መሄጃ ትራንስፖርት አለ፤ ያስተማሯት ወላጆችም ይጠብቃሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዓመት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ጭማሪው ሲደርስ ገበያው ቀድሞት ነበር። ሙሉው 11,500 ብር ግብር ሳይነካው በዚያ ሰሞን ምንዛሪ 80 ዶላር ገደማ ነው።

የደሞዝ ስሌቱ የሚያየው የትምህርት ማስረጃዋን፣ የሥራ መደቧንና የአገልግሎት ዘመኗን ነው። ሌሊቱን ያሳለፈችው የአዋቂ ቁስል ስታሽግ ይሁን፣ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጨቅላ በቀጭን ቱቦ የእናቱን ወተት ስትመግብ፣ ወሩ ሲያልቅ ለውጥ የለውም። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይኸው ነው። በአገራችን የሕፃናት ነርስነት ትምህርቱ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ይሰጣል፤ ሲከፈል ግን ራሱን እንደቻለ ሙያ አይቆጠርም። ከደሞዙ ማነስ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላው ነገር ነው፦ ነርሷ በሙያዋ ከፍ ባለች ቁጥር ከሕፃኑ አልጋ እየራቀች ትሄዳለች።

ሥራው ምን እንደሚጠይቅ በቅርበት ላላየ ሰው ይህ ቅሬታ የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አንድ መርፌ እንይ። ጀንታማይሲን በየሆስፒታላችን ለጨቅላ ሕፃናት ኢንፌክሽን በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ለአዋቂ በሚሆን መጠን፣ 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ ተሞልቶ ነው። በተወለደ በሦስተኛው ቀን ጡት አልይዝ ያለ፣ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ መጣ እንበል። የሚያስፈልገው በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ በድምሩ 15 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው። ነርሷ ከዚያች ብልቃጥ መሳብ ያለባት ከ0.4 ሚሊ ሊትር ያነሰ ፈሳሽ ነው። ተሳስታ ሙሉውን ብትሰጠው ልጁ ከሚገባው ከአምስት እጥፍ በላይ ይወስዳል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሲበዛ ኩላሊትንና ጆሮን የሚጎዳ ነው። ይህን ስሌት የምትሠራው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምናልባትም መብራት በጠፋበት ክፍል፣ ሌሎች ሕፃናት እያለቀሱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከክር ብዙም የማይወፍር ደም ሥር ፈልጋ መርፌውን ማስገባት አለባት።

ትንፋሽ መቁጠርም እንዲሁ ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። የጨቅላ ትንፋሽ ሄድ መለስ ስለሚል ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሠራም። ሙሉ ደቂቃውን፣ ዓይንን ከደረቱ ላይ ሳይነቅሉ መቁጠር ያስፈልጋል። ሃያ ሕፃን ባለበት ክፍል ይህ ብቻውን ሃያ ደቂቃ ነው፤ በቀን አንዴ ተደርጎ የሚያበቃም አይደለም።

መንዝና ግሼ ላይ ይህ ሥራ ሌላ ክብደት አለው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጓሳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሳንባው የታመመ ሕፃን ገና ከመነሻው ተበድሏል። ብርዱም አለ። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ገላውን የሚያሞቅበት በቂ ስብ ስለሌለው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ መጥባት ይተዋል፤ መጥባት ሲተው ስኳሩ ይወርዳል። መርሐቤቴ ላይ ደግሞ ዓለም ከተማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ከሥሯ የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች ቆላ ናቸው። ከዚያ እናት ልጇን ይዛ አቀበቱን ወጥታ ስትደርስ ብዙ ሰዓት አልፏል።

ለብርዱ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ እናት ልጇን ራቁቱን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ገላ ለገላ አገናኝታ፣ ከላይ መሸፈን። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ዘዴ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ የማሞቂያ ሣጥን እጥረት የወለደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በአራት የአፍሪካ አገሮችና በሕንድ የተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ ዘዴው ልጁ እንደተወለደ ወዲያው ከተጀመረ ክብደታቸው ዝቅተኛ በሆኑ ጨቅላዎች ላይ የሚደርሰውን ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ወጪ የለውም ማለት ግን ሥራ የለውም ማለት አይደለም። አንዲት ነርስ «እማማ፣ ልብሱን አውልቀን እናቱ ደረት ላይ እናድርገው» ስትል፣ አያቲቱ «በዚህ ብርድ ራቁቱን? አንቺ ልጅ፣ ልትገድይብኝ ነው?» ይላሉ። ንግግሩ የሚያልቀው ነርሷ ባናውን ራሷ አምጥታ፣ እናትና ልጁን አንድ ላይ ጠቅልላ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «እስቲ እግሩን ይንኩት» ስትላቸው ነው። የልጁ እግር ሞቆ ሲያገኙት አያቲቱ ራሳቸው ጠባቂ ይሆናሉ። ይህን ማሳመን የሚችል ሰው ለመሆን ዓመታት ይፈጃል። በየትኛውም የሥራ አፈጻጸም መሙያ ቅጽ ላይ ግን ነጥብ ሲሰጠው አላየሁም።

የሥራው ውጤት በቁጥር ምን ይመስላል? በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ በኢትዮጵያ ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 59 ደርሷል። ክትባቱ፣ ጤና ኬላው፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያመጡት ትልቅ ድል ነው። በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ግን በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 49 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 29 ወርደው በ2011 ዓ.ም. 33 ሆኑ። በ2008ቱ ዳሰሳ የአማራ ክልል ቁጥር 47 ነበር፤ ከአገሪቱ አማካይ እጅግ የራቀ። ትልልቆቹን ልጆች ያተረፈው በዘመቻ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ጨቅላውን የሚያተርፈው ግን ሌሊት አጠገቡ ያለው ሰው ነው፤ ያንን ሰው በዘመቻ ማግኘት አይቻልም።

የኢትዮጵያ የሕፃናት ነርስነት ታሪክ የሚጀምረው ብዙ ሰው በማይጠብቀው ቦታ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከአባቷ ጋር በስደት እንግሊዝ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን በሚገኘው ታዋቂው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ለነርስነት ሥልጠና ገባች። በ1939 ሥልጠናዋን ጨርሳ በሕፃናት ነርስነት ተመዘገበች፤ ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ቀጠለች። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ በኩል የዘር ሐረጓ መንዝ ይደርሳል። አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሰች፤ ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ 23 ዓመት ሳይሞላት፣ ነቀምቴ ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም አረፈች። በኢትዮጵያ ወዳጅ በሲልቪያ ፓንክረስት አስተባባሪነት እንግሊዝ ውስጥ በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር መታሰቢያ ሆስፒታል በስሟ አዲስ አበባ ላይ ተሠራ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። የንጉሥ ልጅ የሕፃናት ነርስነትን ለሦስት ዓመት ተቀምጣ መማር የሚገባው ሙያ አድርጋ መቁጠሯ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። እንግሊዝ ያኔም አሁንም የሕፃናት ነርስን ለብቻ ትመዘግባለች።

እኛ ዘንድ ግን በገጠሩ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው ድሬሰር ነበር፤ ቁስል የሚያጥበውም፣ መርፌ የሚወጋውም፣ ሕፃን የሚያየውም እሱ ነው። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። ደብረ ብርሃን ላይ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓሱ የሕፃናት ጤና ነርሲንግ ትምህርት ክፍል አለው። ጎንደርና አዲስ አበባም በዚሁ መስክ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ። ሆስፒታሎቹም ቀርበዋል፤ መሐል ሜዳ አለ፣ ዓለም ከተማ ላይም ካርልሃይንዝ በም የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል አለ። የመማሪያው መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው። ችግሩ ከተማሩ በኋላ ያለው ነው።

አንዲት ነርስ በሕፃናት ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ስትመለስ ምን ይገጥማታል? ደረጃዋ ከፍ ይላል። ነገር ግን የምትመደብበት ቦታ አስተባባሪነት፣ የጥራት ክፍል፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የኮሌጅ መምህርነት ይሆናል። የተሻለ ክፍያ ለማግኘት የምትፈልግ ደግሞ መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ሥራ ትፈልጋለች፤ እዚያ የሚጠበቅባት ሪፖርትና ሥልጠና ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄድ ወደ ጨቅላው ክፍል አይመልሳትም። ክፍሉ የሚቀረው ለአዲስ ተመራቂዎች ነው።

በዚህ ላይ ዝውውር የሚባለው ነገር አለ። በብዙ ሆስፒታሎች ነርሶች በየጥቂት ወሩ ከክፍል ክፍል ይዛወራሉ። ልማዱ የመጣው ሥራ በእኩል እንዲከፋፈልና ሁሉም ሁሉንም እንዲያውቅ ታስቦ ነው፤ ለአዋቂ ክፍሎች ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ለጨቅላ ክፍል ግን ጉዳት ነው። ሳምንታት የፈጀ ሥልጠና ወስዳ፣ ደም ሥር መፈለጉን፣ ኦክስጅን መቆጣጠሩን እጇ የለመደ ነርስ በዝውውር ወደ ተመላላሽ ክፍል ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ትሄዳለች። ተተኪዋ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የሠለጠነችው ነርስም ብዙ ጊዜ ዝውውሩን አትቃወምም፤ ጨቅላ ክፍል መቆየት የሚያስገኝላት ነገር የለምና። ሥራው ይከብዳል፣ ሞት በብዛት የሚታይበት ነው፣ ክፍያው እኩል ነው። እሷን መውቀስ አይገባም።

የዲዩቲውም ጉዳይ አለ። ለሌሊትና ለበዓል ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ ለብዙ ነርሶች የደሞዛቸውን ጉድለት የሚሞላ ነው፤ በየቦታው ግን ለወራት ሳይከፈል ይቆያል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት መንዝ ድረስ በዘለቀ ጊዜ በክልሉ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ግጭትም በጀቱንም፣ መንገዱንም፣ የባለሙያውን ደኅንነትም ይዞታል። ሕመምተኛ ሪፈር ተጽፎለት ከመሐል ሜዳ በጣርማበር አድርጎ ደብረ ብርሃን ለመድረስ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ካልሆነ ነርሷ ያለችው እዚያው ናት፤ ሪፈር መደረግ የነበረበት ልጅም እሷው ጋ ይቆያል። በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት፣ እንደገናም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ክፍያንና የሥራ ሁኔታን አንሥተው ድምፃቸውን አሰምተዋል። በሁለተኛው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል፤ የታሰሩም ነበሩ። በነጭ ጋዋን የወጡት ሰዎች ያነሡት ጥያቄ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የ2018ቱ የደሞዝ ማሻሻያ ለሁሉም የመንግሥት ሠራተኛ የመጣ እንጂ የእነሱን ሌሎች ጥያቄዎች የመለሰ አይደለም። ደግሞም በአንድ በኩል ክፍሎቹ ሰው አጥተው፣ በሌላ በኩል ነርስ ተመርቆ ቅጥር አጥቶ ቤት መቀመጡ የበጀት ችግር እንጂ የሰው ችግር አለመሆኑን ያሳያል።

ውጭ አገር የሚሄዱት መሄዳቸው አያስገርምም። እንግሊዝ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል አዲስ ነርስ እ.ኤ.አ. በ2025/26 በዓመት በ31,049 ፓውንድ ይጀምር ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተመዘገቡ ነርሶች መካከለኛ ዓመታዊ ደሞዝ በ2024 93,600 ዶላር ነበር። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ኢትዮጵያውያን ስንቶቹ በአረጋውያን ተንከባካቢነት ጀምረው፣ ሌሊት ተምረው ነርስ እንደሆኑ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን የባለሙያ እጥረት ካለባቸውና ከለላ ከሚያስፈልጋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል፤ እንግሊዝም ከኢትዮጵያ በዘመቻ እንዳይቀጠር ታግዳለች። ራሱ አመልክቶ የሚሄደውን ግን ማንም አይከለክለውም፤ ሊከለከልም አይገባም።

ከእነዚህ አገሮች ልንወስደው የምንችለው የደሞዛቸውን መጠን አይደለም፤ አቅሙ የለንም። ልንወስደው የምንችለው አደረጃጀቱን ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሕፃናት ነርስ ከሌላው ነርስ የተለየ መነሻ ደሞዝ የላትም። ከዓመታት በኋላ ግን በዚያው ክፍል፣ ከዚያው ሕፃን አጠገብ ሳትነሣ ወደ ስፔሻሊስት ነርስነት፣ ከዚያም ሕመምተኛን ራሷ መርምራ መድኃኒት ወደምታዝበት ደረጃ ማደግ ትችላለች፤ ክፍያዋም አብሮ ያድጋል። አሜሪካ ይህን የጀመረችው በሕፃናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮሎራዶ ውስጥ ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር፣ ሐኪም በማይደርስባቸው አካባቢዎች ሕፃናትን የሚያዩ ነርሶች የሚሠለጥኑበትን ፕሮግራም መሠረቱ። መነሻቸው መንዝ ላይ ካለው ችግር ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ሕፃናት አሉ፣ ሐኪም የለም፣ ነርስ ግን አለች።

እኛም ተመሳሳይ ነገር አድርገን እናውቃለን። ከ2001 እና 2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ሠልጥነው የቀዶ ወሊድና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ ተደረገ። ስፔሻሊስት በሌለባቸው የወረዳ ሆስፒታሎች የስንት እናት ሕይወት በእነሱ እጅ ተርፏል። አገሪቱ የእናቶችን ሞት ልትቀንስ በፈለገች ጊዜ አዲስ የሥራ መደብ ፈጠረች፤ ሥልጠና፣ ማዕረግና ደሞዝ ሰጠችው። ለጨቅላ ሕፃናት ግን ይህ አልተደረገም።

የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ አይደለም። ባንግላዴሽ ዳካ ውስጥ ዶክተር ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲና ባልደረቦቹ ከሻምፖ ጠርሙስና ከቱቦ የሠሩት፣ በውኃ አረፋ ግፊት የሕፃኑን ሳንባ ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ፣ ከዚያ ተነሥቶ በ12 የኢትዮጵያ ጠቅላላ ሆስፒታሎች ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ውጤት ከባድ የሳንባ ምች ባለባቸው ሕፃናት ላይ ከተለመደው የኦክስጅን አሰጣጥ በእጅጉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ጠርሙሱን ማንም ሆስፒታል ያገኘዋል። አረፋው መቆሙን አይቶ ቱቦው የት ላይ እንደታጠፈ የሚፈልግ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ጠባብ ነው። በሕፃናትና በጨቅላ ነርስነት የሠለጠነች ባለሙያ በሙያዋ እስከሠራች ድረስ በዚያው ክፍል እያለች የምታድግበት የሥራ መደብ ይፈጠርላት፤ በክፍሉ ለምትቆይበት ጊዜም አበል ይታሰብላት። አንድ የወረዳ ሆስፒታል ለ10 ነርሶች በወር 3,000 ብር ቢጨምር በዓመት 360,000 ብር ይሆናል። ከዚያ ነርሷ ተለውጣ፣ ሌላዋ እንደገና ሠልጥና፣ በመካከሉ ክፍሉ ልምድ በሌላቸው እጆች ከሚቆይበት ጊዜ ጋር ይመዘን። መደቡን መፍጠር የሲቪል ሰርቪስና የጤና ሚኒስቴር ሥልጣን ነው፤ በጀቱም የክልሉን ውሳኔ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ጊዜ ይፈጃሉ። ዝውውሩን ማስቆም ግን የማንንም ደብዳቤ አይጠብቅም። የሠለጠኑትን ነርሶች ስም ከዝውውር ዝርዝሩ አውጥቶ ጨቅላ ክፍል ማቆየት አንዲት ሜትሮን የሚቀጥለውን ወር የሽፍት ሠንጠረዥ ስታወጣ ልታደርገው የምትችለው ነገር ነው።